ሩቅ ያለው ባክአፕ ከማን እጅ ይራቅ?

ከአዲስ አበባ በደቡብ በኩል ወጣ ብሎ፣ ገላን ካሉት መለስተኛ ፋብሪካዎች በአንዱ የኔትወርኩንና የሰርቨሩን ሥራ የምከታተለው እኔ ነኝ። እንዲህ ባለ መሥሪያ ቤት ባክአፕ (ዋናው ፋይል ቢጠፋ የሚተካ ቅጂ) የሚባለው ነገር አብዛኛውን ጊዜ አንድ መልክ ብቻ አለው፤ የቢሮው ኮምፒውተሮች በየምሽቱ ፋይላቸውን እዚያው ግቢ ውስጥ ወዳለ አንድ ናስ (በኔትወርክ ተያይዞ የሁሉንም ፋይል የሚያከማች ባለ ዲስክ ሣጥን) ይገለብጣሉ፣ ናሱም የተቀበለውን በሁለት ዲስክ ላይ መንታ አድርጎ ይይዛል፣ ከዚያ በኋላ ጉዳዩን የሚያነሳ ሰው የለም። አሠራሩ መጥፎ አይደለም። አንዱ ዲስክ ሲሞት ሁለተኛው ይተርፋል፤ አንድ ሠራተኛ ፋይል ሳያስበው ቢያጠፋም የትናንቱን ከናሱ አውጥቶ መመለስ የደቂቃዎች ሥራ ነው። ነገር ግን ናሱም፣ ሰርቨሩም፣ ኮምፒውተሮቹም ያሉት በአንድ ጣሪያ ሥር፣ በአንድ ቆጣሪ ላይ ነው። መብራት ጠፍቶ ሲመለስ የሚመጣው የኃይል ጭማሪ፣ ከብየዳ ክፍሉ የሚነሳ እሳት፣ ወይም በክረምት ሌሊት ቆርቆሮ ገንጥሎ የሚገባ ሌባ አንዱን ከሌላው አይለይም።

ስለዚህ ከግቢው ውጭ አንድ ቅጂ መኖር እንዳለበት የሚከራከር የለም። ፒተር ክሮግ የተባለው አሜሪካዊ ፎቶግራፍ አንሺ ያስፋፋውና ዛሬ በሙያው ያለ ሰው ሁሉ በቃሉ የሚያውቀው ደንብም ይህንኑ ይላል፤ ሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ማከማቻ፣ ከሦስቱ አንዱ ከቦታው ውጭ። እኔን የሚያሳስበኝ ርቀቱ በኪሎ ሜትር ብቻ መለካቱ ነው። ቅጂው ጎሮ ይቀመጥ ፍራንክፈርት፣ ገላን ያለው ናስ በፈለገ ሰዓት ሊጽፍበት፣ ሊለውጠውና ሊሰርዘው የሚችል ከሆነ፣ ናሱን የተቆጣጠረ ሰው ሩቁንም ተቆጣጥሯል ማለት ነው። በመንገድ ቢርቅም ከእጅ አልራቀም። የዚህ ጽሑፍ ዋና ጉዳይ ይህ ነው፤ ሆኖም ከከተማ ዳር ሆኖ የሚሠራ ሰው ሁሉን ነገር የሚያስበው ከኢንተርኔት መስመሩ ተነሥቶ ስለሆነ፣ የመስመሩን ነገር ማስቀደም ይኖርብኛል።

ስሌቱ ቀላል ነው። ናሱ ላይ 500 ጊጋባይት አለ እንበል፤ ወደ ውጭ የሚልከው መስመር ደግሞ በሴኮንድ 4 ሜጋቢት ያሳልፋል። አንድ ባይት 8 ቢት ስለሆነ 500 ጊጋባይት ማለት 4 ሚሊዮን ሜጋቢት ነው፤ ለ4 ሲካፈል አንድ ሚሊዮን ሴኮንድ፣ ማለትም 11 ቀን ተኩል ያህል ይሆናል፤ ያውም መስመሩ ሌላ ሥራ ሳይሠራበት፣ መብራት ሳይጠፋ፣ መንገድ የሚቆፍር ኤክስካቫተርም የፋይበሩን ገመድ ሳይበጥሰው። በገላንም ሆነ በሰበታ፣ በለገጣፎም ሆነ በቡራዩ፣ እነዚህ ነገሮች ለ11 ቀናት በተከታታይ ይሟላሉ ብሎ የሚጠብቅ ሰው በአካባቢው ኖሮ አያውቅም። በአንጻሩ በቀን የሚለወጠው 3 ጊጋባይት ብቻ ከሆነ በዚያው መስመር 1 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ይበቃዋል። እንግዲህ የመጀመሪያውን ትልቅ ጭነት በኢንተርኔት አለመላክ፣ ከዚያ በኋላ ደግሞ ከተለወጠው በቀር ምንም አለመላክ ነው መፍትሔው።

የመጀመሪያው ጭነት በመኪና ነው የሚሄደው። በተመሰጠረ ዲስክ ላይ ይገለበጣል፣ ዲስኩ ሩቁ ሰርቨር ወዳለበት ቦታ ተወስዶ እዚያ ይራገፋል። ይህን ለሒሳብ ክፍል ኃላፊዋ ሳስረዳ፣ «ልጄ፣ እኔስ በየሳምንቱ ፍላሹን በቦርሳዬ ይዤ ስሄድ ይህንኑ አይደል እንዴ የማደርገው?» አሉኝ። «አዎ እትዬ፣ ያው ነው፤ የእርስዎ ግን አንድ ቀን ታክሲ ውስጥ ቢረሳ ያገኘው ሰው ሁሉ ከፍቶ ያነበዋል» አልኳቸው። ምስጠራ የሌለው ከመሆኑ በቀር የሳቸው ፍላሽ የሚናቅ አይደለም። አብዛኛውን ሳምንት ከኔትወርኩ ተነቅሎ የሚኖር በመሆኑ፣ በአንድ ነገር ከብዙ ዘመናዊ አሠራር ይበልጣል፤ ወደዚያ እመለሳለሁ።

የተለወጠውን ብቻ የመላክን ጥያቄ ከ1996 ጀምሮ በብልሃት የመለሰው አርሲንክ ነው። አንድሩ ትሪጅልና ፖል ማከራስ በአውስትራሊያ ናሽናል ዩኒቨርሲቲ ሳሉ ያወጡት ይህ ፕሮግራም፣ ሁለቱን ፋይሎች አንድ ቦታ አስቀምጦ ሳያይ ልዩነታቸውን ያውቃል። ሁለት ሒሳብ ሠራተኞች፣ አንዷ ገላን ሌላዋ ጎሮ ሆነው፣ አንድን ወፍራም መዝገብ በስልክ ያመሳክራሉ እንበል፤ መስመር በመስመር ከመነባበብ ይልቅ የየገጹን ድምር ብቻ ይነጋገራሉ፣ ድምሩ ያልገጠመውን ገጽ ብቻ ይላላካሉ። አርሲንክም ተቀባዩ ጋ ያለውን አሮጌ ፋይል በቁራጭ በቁራጭ ከፍሎ ለእያንዳንዱ ቁራጭ ሁለት መለያ ቁጥር ያሰላል፤ አንዱ ቶሎ የሚሰላ ደካማ ቁጥር፣ ሌላው ጊዜ የሚወስድ ጠንካራ ቁጥር ነው። ላኪው በአዲሱ ፋይል ላይ አንድ አንድ ባይት እየተንሸራተተ ደካማውን ቁጥር ያሰላል፤ ሲገጥምለት በጠንካራው ያረጋግጣል፤ ያልገጠመውን ብቻ ይልካል። ብልሃቱ ያለው በመንሸራተቱ ላይ ነው፤ በፋይሉ መጀመሪያ አንድ ፊደል ተጨምሮ የቀረው ሁሉ አንድ ቦታ ወደፊት ቢገፋ እንኳ፣ ቁራጮቹ በአዲሱ ቦታቸው ተፈልገው ይገኛሉ።

ይህ ብልሃት ግን አንድ የተለመደ አሠራር ሲያጋጥመው ዋጋ ያጣል። በአገራችን የሒሳብ ቢሮዎች ፒችትሪ ዛሬም በስፋት ይሠራበታል፤ ፕሮግራሙ ስሙን ወደ ሴጅ 50 ከቀየረ ዓመታት ቢያልፉም ሰው የሚጠራው በድሮው ስሙ ነው። ከራሱ ከፕሮግራሙ የሚወጣው ባክአፕ የታመቀ፣ ማለትም መጠኑ እንዲያንስ የተጨመቀ፣ አንድ ፋይል ነው። በታመቀ ፋይል ውስጥ መጀመሪያው ላይ ጥቂት ነገር ሲለወጥ ከዚያ በኋላ ያለው ባይት ሁሉ ሊለወጥ ይችላል፤ አርሲንክም የሚያዛምደው ቁራጭ ያጣል። በዚህ ላይ ፋይሉ በየቀኑ አዲስ ስም የሚሰጠው ከሆነ፣ ጭራሹን የሚነጻጸርበት አሮጌ ፋይል አይኖርም። እንደ ሬስቲክና ቦርግ ያሉት አዳዲስ ፕሮግራሞች ቅደም ተከተሉን አስተካክለውታል፤ መጀመሪያ ፋይሉን በይዘቱ ይቆራርጣሉ፣ ቀድሞ የተቀመጠውን ቁራጭ ይተዋሉ፣ አዲሱን ብቻ አምቀውና መስጥረው ያስቀምጣሉ። እነሱም ቢሆኑ አስቀድሞ የታመቀ ፋይል ከተሰጣቸው የሚያድኑት ነገር ትንሽ ነው። ስለዚህ እኛ ዘንድ ወደ ውጭ የሚሄደው ያልታመቀው የፒችትሪ ፎልደር ነው፤ እሱም የሚገለበጠው ሁሉም ሰው ፕሮግራሙን ዘግቶ ከወጣ በኋላ ነው፤ ምክንያቱም ሰው እየሠራበት ሳለ የተገለበጠ ዳታቤዝ ግማሹ የ10 ሰዓቱን፣ ግማሹ የ10 ሰዓት ከ5 ደቂቃውን መልክ ይይዝና ሲከፈት አልከፈትም ሊል ይችላል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ማጥበቅ እፈልጋለሁ። ወደ ሩቁ ሰርቨር የሚሄደው ከኮምፒውተሮቹ በቀጥታ አይደለም፤ ከናሱ ነው። ኮምፒውተሮቹ መጀመሪያ በግቢው የውስጥ ኔትወርክ፣ በጊጋቢት ስዊች፣ በደቂቃዎች ውስጥ ናሱ ላይ ይጨርሳሉ። ሁለተኛው ጉዞ የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው። ኢንተርኔቱ ሌሊቱን ሙሉ ቢጠፋ የዚያን ቀን ባክአፕ አናጣም፤ የሚዘገየው ሩቁ ቅጂ ብቻ ነው። ኮምፒውተሮቹን በቀጥታ ከደመና (በኢንተርኔት ከሚገኝ የኪራይ ማከማቻ) ጋር አገናኝቶ ናሱን መተው ከተማ መሃል ባለ ቢሮ ይሠራ ይሆናል፤ እኛ ጋ ግን አልመክረውም።

የመቆራረጡን ነገር በአጭሩ ልለፈው። የተቋረጠው ፋይል ካቆመበት እንዲቀጥል ማድረግ፣ የትናንቱ ዙር ሳያልቅ የዛሬው እንዳይጀምር መቆለፊያ ማበጀት፣ በሥራ ሰዓት የመላኪያውን ፍጥነት መገደብ፣ ፋይበሩ ተቋርጦ ራውተሩ ወደ ሞባይል ዳታ ሲዞር ደግሞ የባክአፑ ትራፊክ እንዳያልፍ መከልከል ነው። የመጨረሻውን የዘነጋ ቢሮ የወሩን ፓኬጅ በአንድ ሌሊት ሊጨርሰው ይችላል።

ሰዓቱ ግን ትንሽ ያወያያል። ሩቅ ያሉ ሰርቨሮች ብዙውን ጊዜ የሚሄዱት በዓለም አቀፉ ሰዓት ሲሆን እኛ ከዚያ በ3 ሰዓት እንቀድማለን። ከሌሊቱ 8 ሰዓት የሚጀምር ሥራ በሰርቨሩ ሰዓት 23፡00 ላይ፣ ያውም ባለፈው ቀን ይውላል። የሒሳብ ክፍሉ «የማክሰኞን ስጠን» ሲል ፎልደሩ ላይ የተጻፈው የሰኞ ቀን ነው፤ ችግር በተነሣበት ጠዋት ደግሞ ይህን ቁጭ ብሎ የሚያሰላ ሰው አይገኝም። ሰርቨሩን ወደ አዲስ አበባ ሰዓት መቀየር የአንድ ትእዛዝ ሥራ ስለሆነ ቢቀየር ይሻላል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። አርሲንክ ሲጠቀሙ ብዙ ሰዎች የሚጨምሩት አንድ አማራጭ አለ፤ ከምንጩ የጠፋው ፋይል ከተቀባዩም እንዲጠፋ የሚያደርግ። ሁለቱ ቦታዎች እኩል ሆነው ሲታዩ ደስ ይላል። ነገር ግን ናሱ ላይ ያለ ፎልደር በማንኛውም ምክንያት ባዶ ቢሆን፣ በዚያው ሌሊት ሩቁም ባዶ ይሆናል። ከዚህ የከፋው ደግሞ ፋይሎችን መስጥሮ ገንዘብ የሚጠይቀው ቫይረስ ነው። በግንቦት 2017 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የተነሣው ዋናክራይ ከ150 በሚበልጡ አገሮች ኮምፒውተሮችን ሲያጠቃ፣ መሠረታዊ ትምህርቱ በኔትወርክ የተያያዘ ነገር ሁሉ በአንድነት ሊጠቃ እንደሚችል ነበር። ፋይሉ ሲመሰጠር ለአርሲንክ «የተለወጠ ፋይል» ከመሆን ያለፈ ትርጉም የለውም፤ ስለዚህ የተበላሸውን በጥሩው ላይ አስተካክሎ ይጽፈዋል፣ ሥራውም በተሳካ ሁኔታ ተጠናቀቀ ብሎ ሪፖርት ያደርጋል። እትዬ በቦርሳቸው የያዙት ፍላሽ በዚያ ሌሊት ከሰርቨሩ የተሻለ ባክአፕ ነው።

መፍትሔው ማን ማንን ማዘዝ ይችላል የሚለውን መገልበጥ ነው። ናሱ ከሚልክ ይልቅ ሰርቨሩ መጥቶ ይውሰድ። ናሱ በሰርቨሩ ላይ ምንም ዓይነት የይለፍ ቃልም ሆነ ቁልፍ አይኖረውም፤ ሰርቨሩ ግን በናሱ ላይ ማንበብ ብቻ የሚፈቀድለት አንድ ተጠቃሚ ይኖረዋል። ናሱን ሰብሮ የገባ ሰው ከዚያ ወደ ሰርቨሩ የሚያልፍበት በር አያገኝም። እዚህ ላይ የዳር አገር ችግር ይመጣል፤ ብዙዎቹ መስመሮች ከውጭ የሚደረስበት ቋሚ የአይፒ አድራሻ ስለሌላቸው ሰርቨሩ ወደ ውስጥ መጥራት አይችልም። ይህንንም ዋየርጋርድ የተባለው፣ በኢንተርኔት ውስጥ «ዋሻ» የሚባል የተመሰጠረ የግል መስመር የሚዘረጋ ፕሮግራም ይፈታዋል። ዋሻውን ከውስጥ ወደ ውጭ የሚከፍተው የእኛ ራውተር ነው፤ በየ25 ሴኮንዱ ትንሽ መልእክት እየላከ እንዳይዘጋ ያደርገዋል፤ ሰርቨሩም በዚያው ዋሻ ተመልሶ ይገባል። ሰርቨሩ ወደ ፋብሪካው የሚያስገባ ቁልፍ ያዘ ማለት እንደሆነ አልዘነጋሁም፤ ለዚህም ነው ያ ቁልፍ ከአንድ ፎልደር ውጭ ሌላ እንዳያይ፣ ከማንበብም በቀር ሌላ እንዳይፈጽም መታሰር ያለበት።

ሌላው መንገድ ናሱ እንዲልክ ፈቅዶ መሰረዝን መከልከል ነው። የሬስቲክም ሆነ የቦርግ ሰርቨር መጨመር ብቻ በሚፈቅድ ሁኔታ ሊሠራ ይችላል። ይህም ጥሩ ነው፤ አንድ ክፍተት ግን አለው። ናሱን የያዘ ሰው መሰረዝ ባይችልም ሐሰተኛ ባክአፖችን መደርደር ይችላል፤ «የመጨረሻዎቹን ይህን ያህል ብቻ አስቀር» የሚል የማጽጃ ደንብ ካለን፣ የእርሱን ሐሰተኞች አስቀርተን እውነተኞቹን የምንጠርገው ራሳችን እንሆናለን። ደንቡ በቁጥር ሳይሆን በጊዜ መሆን አለበት፤ ማጽዳቱንም ሰው አይቶ ቢያዝዘው ይመረጣል።

ስለ ማጽዳት ከተነሣ፣ ከውጭ በመጡት ፕሮግራሞች ውስጥ የእኛን አገር ሰው የሚጎዳ አንድ ነገር አለ። ሁሉም ማለት ይቻላል የሚያቀርቡት ልማድ ለጥቂት ቀናት የየቀኑን፣ ለጥቂት ሳምንታት የየሳምንቱን፣ ከዚያ በላይ የየወሩን መጨረሻ ማስቀመጥ ነው። ወር የሚሉት ግን የፈረንጁን ወር ነው። ሰኔ 30፣ የብዙ ድርጅቶቻችን የሒሳብ ዓመት የሚዘጋበት ቀን፣ በእነርሱ ጁላይ 7 ላይ ይውላል፤ በየትኛውም ወር መጨረሻ ላይ አይደለም። ስለዚህ ፕሮግራሙ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ዓመቱን ሙሉ ከሁሉም በላይ የሚፈለገውን ቀን እንደ ተራ ቀን ቆጥሮ ይጥለዋል፣ የጁላይ 31ን ግን በክብር ያስቀምጣል። መድኃኒቱ የሰኔ 30ን ባክአፕ በእጅ ምልክት አድርጎ ምልክት ያለበት እንዳይጸዳ ማዘዝ ነው። ኦዲተር ሲመጣ የሚጠይቀው የጁላይ 31ን አይደለም።

ሰርቨሩ የት ይቀመጥ የሚለው ብዙ ያከራክራል። ጎሮ በሚገኘው አይሲቲ ፓርክ ውስጥ የዳታ ሴንተር አገልግሎት የሚሰጡ ድርጅቶች ሥራ ከጀመሩ ወዲህ አገር ውስጥ ማስቀመጥ የሚቻል ሆኗል። ውጭ አገር ያለው በገበያው ምርጫ ይበልጣል። የእኔ ሚዛን ወደ አገር ውስጥ ያደላል፤ ምክንያቶቼም ከቴክኒኩ ይልቅ የኑሮ ናቸው። ኪራዩ በውጭ ምንዛሪ የሚከፈል ሰርቨር፣ ካርዱ አንድ ወር ሳይሠራ ቢቀር፣ ከነባክአፑ ሊዘጋ ይችላል። በሰኔ 2012 መጨረሻ ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ለሦስት ሳምንት ገደማ ሲቋረጥም፣ ፍራንክፈርት ያለ ቅጂ ለባለቤቱ ጨረቃ ላይ ያለ ያህል ነበር፤ ጎሮ ያለን ማሽን ግን ሄዶ ዲስኩን ነቅሎ ማምጣት ይቻላል። የሠራተኞችንና የደንበኞችን መረጃ ከአገር ማስወጣትም የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ በኋላ እንደ ቀድሞው ዝም ብሎ የሚደረግ ነገር አይደለም። በሌላ በኩል ዳታ ሴንተር ስለተባለ ብቻ አይቃጠልም ማለት አይደለም፤ እንደ አውሮፓውያኑ በማርች 10 ቀን 2021 ስትራስቡርግ ውስጥ ኦቪኤች የተባለው የሰርቨር አከራይ ድርጅት አንዱ ሕንፃ ሙሉ በሙሉ ሲወድም፣ ባክአፓቸውን እዚያው ግቢ ያስቀመጡ ደንበኞች ሁለቱንም አጥተዋል። የእኛ ናስ ገላን ስለሚቀር ይህ ያን ያህል አያስፈራኝም፤ ሁለቱ በአንድ ሌሊት መቃጠል ይኖርባቸዋል።

ምስጠራውን በተመለከተ የምለው አንድ ነገር ነው፤ ቁልፉ የተቀመጠው ናሱ ላይ ብቻ ከሆነ፣ ናሱ በተቃጠለ ቀን ሩቁ ቅጂም የማይነበብ ይሆናል። የእኛ በወረቀት ታትሞ፣ በታሸገ ፖስታ፣ ባለቤቱ ቤት ካዝና ውስጥ ይገኛል። ጋሼ ፖስታውን ሲቀበሉ «የባንክ ነው?» ብለው ጠየቁኝ፤ «ከባንኩ ባይበልጥ» አልኳቸው።

ከዚያ የሚቀረው ዝምታን መፍራት ነው። እንደ አውሮፓውያኑ በጃንዋሪ 31 ቀን 2017 ጊትላብ በተባለው ኩባንያ ዋናውን ዳታቤዝ አንድ ባለሙያ ተሳስቶ ሲያጠፋ፣ በየቀኑ ይሠራል የተባለው ባክአፕ በፕሮግራም ሥሪት አለመጣጣም ምክንያት ሲከሽፍ መቆየቱ ታወቀ፤ ክሽፈቱን የሚናገሩት ኢሜይሎችም ተቀባዩ ዘንድ ሳይደርሱ እየተመለሱ ነበር። ያዳናቸው ሌላ ሥራ ለመሥራት ከስድስት ሰዓት በፊት በእጅ የተወሰደ ቅጂ ነው። ስለዚህ ናሱ «አልተሳካልኝም» ብሎ እንዲነግረን መጠበቅ አይበቃም፤ የሞተ ናስ አይናገርም። መልእክቱን መላክ ያለበት ሩቁ ሰርቨር ነው፤ የመጨረሻው ባክአፕ ከ36 ሰዓት በላይ ካስቆጠረ በቴሌግራም ይጮኻል። በተከታታይ መብራት በሚጠፋባቸው ቀናት በከንቱ የሚጮኽበት ጊዜ አለ፤ ያንን ችለን እንኖራለን።

መመለሱን ደግሞ እንሞክራለን። የሚመለሰውን ፋይል የምመርጠው እኔ አይደለሁም፤ እትዬ የፈለጉትን ወር ይጠራሉ፣ ፋይሉ ከሰርቨሩ ይወጣል፣ የቢሮውን ኔትወርክ በማያውቅ ባዶ ላፕቶፕ ላይ ይከፈታል። በመጨረሻው ሙከራ የጠሩት የመጋቢትን የደመወዝ መክፈያ ነበር። ፋይሉ ሙሉ ነው፣ ቁጥሮቹም ገጠሙ፤ የሠራተኞቹ ስም ግን በላቲን ፊደልና በምልክት የተዘበራረቀ ሆኖ ወጣ፤ ሰነዱ ዩኒኮድ የተባለው የጋራ የፊደላት ኮድ ከመለመዱ በፊት በነበረ የግዕዝ ፎንት የተጻፈ ስለሆነ ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር ላይ አይነበብም። ከዚያ ወዲህ የፎንት ፎልደሩ፣ የፒችትሪው መጫኛና የፈቃድ ቁጥሩ ከፋይሎቹ ጋር አብረው ወደ ጎሮ ይሄዳሉ።